ላቦራቶሪው ቤት የገባበት ሴሚስተር

 

የዛሬው ዝግጅት በአሜሪካ ልጆቻቸውን ሐኪም ለማድረግ ለሚያስቡ ወላጆች ነው። ራሳቸው ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ የሕክምና ትምህርት ቤት በር ለማንኳኳት ለሚዘጋጁ አድማጮችም ነው። በኮቪድ ጊዜ በኦንላይን የተወሰደ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ፊዚክስ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ዘንድ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ይህን ማንሣት ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ወረርሽኙ አለፈ እንጂ ትራንስክሪፕቱ አልተቀየረም። በ2020 የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረ ልጅ ተመርቆ፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ማመልከቻውን የሚያስገባው ገና አሁን ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋል። የተቀበሉት ግን የኦንላይን ትምህርትን ወደውት አይደለም፤ ተማሪው ሌላ ምርጫ እንዳልነበረው ስላወቁ ነው። ተገዶ በኦንላይን የተማረውንና ወዶ በኦንላይን የተማረውን ለይተው ነው የሚያዩት። ቀሪው ነገር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው፤ ፍትሐዊ መስሎ የማይታየኝም ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሠራሩን ለማያውቁ አድማጮች ትንሽ ላብራራ። አገር ቤት ሕክምና የሚማር ልጅ በአብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ ተነሥቶ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ሐኪም ሆኖ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ አለ፣ ቀጥሎ አራት ዓመት ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና። የመጀመሪያው ዲግሪ በታሪክም በሙዚቃም ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ሕክምና ትምህርት ቤት ከመግባት በፊት መጠናቀቅ ያለባቸው ኮርሶች አሉ። ፕሪሪኩዚት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እንደየትምህርት ቤቱ ቢለያዩም የተለመደው አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ አንድ ዓመት ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ ነው፤ አራቱም ከነላቦራቶሪያቸው። ባዮኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስም ይጨመራል። የመግቢያ ፈተናው ኤምካት በ2015 ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ሳይነካ የሚያመለክት ተማሪ ብዙም አይገኝም።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። የማመልከቻዎችን ሰነድ አጣርቶ ለትምህርት ቤቶች የሚያሰራጨው ኤኤምካስ የሚባለው አገልግሎት የውጭ አገር ትራንስክሪፕት አያጣራም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶችም ፕሪሪኩዚቶቹ በአሜሪካ ወይም በካናዳ ኮሌጅ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቆ በዲቪ የመጣ ሰው ኬሚስትሪን ከሀ ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ይህን ሰው የምታገኙት ማታ ማታ ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው፤ የሥራ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ክፍል ገብቶ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ጥብቅነት ከየት መጣ? ከመቶ ከሚበልጥ ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ ክፍያውን ለከፈለ ሁሉ የሐኪምነት ዲፕሎማ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ጆንስ ሆፕኪንስ በ1893 የሕክምና ትምህርት ቤቱን ሲከፍት አመልካቾች አስቀድመው ዲግሪ እንዲኖራቸው መጠየቁ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያ በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል ሰው መጣ። ሐኪም አልነበረም፤ የትምህርት ሰው ነበር። በካርኔጊ ፋውንዴሽን ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መረመረና ላቦራቶሪ የሌላቸውን፣ ቢኖራቸውም ለስም ያስቀመጡትን፣ በሪፖርቱ በስማቸው እየጠራ አጋለጠ። ሕክምና ለመማር የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በኮሌጅ ደረጃ መማር አለበት አለ። ዛሬ ልጆቻችን እንቅልፍ አጥተው የሚያጠኑት ዝርዝር አያቱ ያ ሪፖርት ነው።

ሪፖርቱ የሕክምናን ጥራት ማሳደጉን የሚክድ የለም። በዚያው ልክ በሮችን ዘግቷል። በጊዜው ከነበሩት ሰባት የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ በቀጣዮቹ ዓመታት ተዘጉ። የተረፉት የዋሽንግተኑ ሃዋርድና የናሽቪሉ ሜሃሪ ብቻ ናቸው። ሃዋርድ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት ነውና ለእኛም ሩቅ ታሪክ አይደለም። የመግቢያ መስፈርት ሲጠብቅ ጥራቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። ኦንላይንን በተመለከተም ልጠይቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ 2020 እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ብሎ ያወጀው ማርች 11 ቀን ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ወደ ኦንላይን አዙሮ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አገሩ ሁሉ ተከተለ። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ሴሚስተሩ ተጋምሷል። ትናንት ፒፔት ይዞ የነበረ እጅ ዛሬ ማውዝ ያዘ።

ሌክቸሩ ብዙም አላስቸገረም። ችግሩ ላቦራቶሪው ነበር። አስተማሪዎች ባዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻቸውን ቆመው ሙከራውን እየሠሩ ራሳቸውን በቪዲዮ ቀረጹ። ተማሪው ቪዲዮውን ያያል፣ የተለኩትን ቁጥሮች ይቀበላል፣ ስሌቱን ሠርቶ ሪፖርት ይጽፋል። ሌሎች በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እንደተሠራው ፌት ያሉ፣ በኮምፒውተር ላይ ሙከራን የሚያስመስሉ ነፃ ፕሮግራሞችን ተጠቀሙ። የሙከራ ዕቃ በካርቶን አሽገው ለየተማሪው ቤት የላኩም ነበሩ። በብዙ አፓርታማ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላቦራቶሪ ሆነ፤ እናት ምሳ ለማቅረብ ሙከራው እስኪያልቅ የጠበቀችበት ቤት አይጠፋም።

በእውነት ከተነጋገርን፣ የጠፋው ነገር ከኮርስ ኮርስ ይለያያል። ፊዚክስ ብዙም አልተጎዳም። ፔንዱለም ከክርና ከቁልፍ ይሠራል፤ የእጅ ስልካችንም ፍጥንጥነትን የሚለካ መሣሪያ በውስጡ አለ። ጠቅላላ ኬሚስትሪ ላይ ጉዳቱ ይጀምራል። ታይትሬሽን የሚባለውን ሙከራ የሠራችሁ ታስታውሱታላችሁ። አሲዱ ላይ ቤዙን ጠብ ጠብ ታደርጋላችሁ፤ ፊኖልፍታሊን የተጨመረበት ፈሳሽ ቀለም አልባ እንደሆነ ይቆይና በአንዲት ጠብታ ሮዝ ይሆናል። ከዚያች ጠብታ አንድ ከበለጠ ደማቅ ይሆንና ሥራው ሁሉ እንደገና። ቤዙ የሚወርድበትን ቱቦ መዝጊያ በሁለት ጣት ይዞ የመጨረሻዋን ጠብታ መቆጣጠር በቪዲዮ አይለመድም። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ማጣራት፣ ማንጠር፣ ክሪስታል ማውጣት፣ ያልታሰበ ቀለም ሲመጣ የት ጋ እንደተሳሳቱ ማሰብ፣ ይህ ሁሉ እጅና አፍንጫ ይጠይቃል። ሲሙሌሽን ላይ አይሳሳቱም፤ ቢሳሳቱም አንድ ቁልፍ ተጭኖ መመለስ ነው።

ታዲያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ምን አሉ? ማዕከላዊ መመሪያ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ኤኤኤምሲ የሚባለው የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ውሳኔውን ለየትምህርት ቤቱ ነው የተወው። የየትምህርት ቤቱን መስፈርት ኤምሳር በሚባለው የማኅበሩ የመረጃ ቋት ውስጥ መመልከት ይቻላል። ጓደኛዬ እዚያ ትምህርት ቤት ስለገባ እኔም ይቆጠርልኛል ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው።

በ2020 የፀደይ ሴሚስተር ላይ ብዙም ክርክር አልነበረም። ግማሹ በአካል ተሰጥቷል፣ ቀሪው የተቋረጠው በማንም ጥፋት አይደለም። ጥያቄው የተወሳሰበው ክረምቱና ቀጣዩ የትምህርት ዓመት ሲመጡ ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ኮሌጆች ላቦራቶሪያቸውን በጭንብልና በርቀት ከፍተዋል፤ ሌሎቹ እንደተዘጉ ናቸው። ክፍሉ ተከፍቶ ሳለ ቤት መቅረት የመረጠ ተማሪና ክፍሉ የተዘጋበት ተማሪ በትራንስክሪፕት ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ወረርሽኙ እስካለ ድረስ ሁሉንም እንቀበላለን አሉ። ሌሎች ሌክቸሩን ተቀብለው ላቦራቶሪው በአካል ካልሆነ አሉ። ሴሚስተር ቆጥረው ከዚህ እስከዚህ ብቻ ያሉ አሉ። እንደ ስታንፎርድ ያሉት ደግሞ ከመጀመሪያውም የግድ የሚሉት የኮርስ ዝርዝር የላቸውም፤ አመልካቹ ለሕክምና ትምህርት የሚያበቃ ዕውቀት እንዳለው ነው የሚያዩት። ይህ አመለካከት ከኮቪድ ጋር የመጣ አይደለም። ኤኤኤምሲ ራሱ ከሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ የኮርስ ስም ከመቁጠር ይልቅ የተማሪውን ብቃት መመዘን ይሻላል ብሎ ነበር።

የግሬድ ነገርም ነበር። ብዙ ኮሌጆች በዚያ ሴሚስተር ከኤ እና ቢ ይልቅ «ፓስ» መውሰድን ፈቀዱ። እዚህም ላይ ያው ልዩነት ተመልሶ መጣ፤ ኮሌጁ ሁሉንም ተማሪ ፓስ ካደረገ ችግር የለም፣ ምርጫውን ለተማሪው ከሰጠ ግን ግሬድ ብትወስድ እንመርጣለን ያሉ ነበሩ። ኤኤምካስ ፓስን በአማካይ ውጤት ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ ፓስ አማካዩን አይጎዳም፣ አይጠቅምም።

ኤምካትም ራሱ ታውኮ ነበር። በማርችና በኤፕሪል ፈተናዎች ተሰረዙ። በሜይ መጨረሻ ሲጀመር ሰባት ሰዓት ተኩል የነበረው ፈተና ወደ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አጥሮ በዚያ ዓመት በቀን ሦስት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ከጠዋቱ 12:30፣ ከቀኑ 6:15 እና ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር። የመጨረሻው ዙር የደረሰው ተማሪ ወደ ቤቱ የሚሄደው እኩለ ሌሊት ገደማ ነበር። ይህ ፈተና ለኦንላይን ተማሪ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የሙከራ አሠራርን፣ ውጤትን መተርጎምን፣ እንደ ክሮማቶግራፊ ያሉ የላቦራቶሪ ዘዴዎችን ይጠይቃል። ኬሚስትሪውን ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተምሮ በኤምካት የኬሚስትሪ ክፍል ጥሩ ያመጣ ልጅን ትምህርቱ አልገባህም ማለት ይከብዳል።

ይቆጠራል ማለት ግን ይመረጣል ማለት አይደለም። ለ2021 መግቢያ ያመለከቱት ሰዎች 62,443 ነበሩ፤ ከቀደመው ዓመት ወደ 18 ከመቶ ይበልጣሉ። የገቡት 22,666 ናቸው። አንድ ኮሚቴ ሁለት ተመጣጣኝ አመልካቾች ፊቱ ቀርበው አንዱ ሁሉንም ላቦራቶሪ በአካል የሠራ ቢሆን ዓይኑ ወዴት እንደሚያደላ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ቀጠርኳችሁ ነገር ልመለስ። ተገዶ የተማረ ይቆጠርለት፣ ወዶ የተማረ አይቆጠርለት ማለት ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን «ወዶ» የሚባለው ማን ነው? ሌሊት በነርሲንግ ሆም ሠርታ፣ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ቀን ጥቂት ተኝታ የምትነሣ እናት ኦንላይን ባዮሎጂ የተመዘገበችው ስለወደደችው ነው? ኦንላይን ፕሪሪኩዚት ከኮቪድ በፊትም ነበር። በሜይን ግዛት የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒው ኢንግላንድ ለጤና ሙያ ለሚዘጋጁ ሰዎች እንዲህ ያሉ ኮርሶችን ይሰጣል፤ የሚመዘገቡትም በአብዛኛው ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ናቸው። ለእነሱ ሁሉም ሴሚስተር እንደ 2020 ነው። ወረርሽኙ ለሁሉም ሰው ሲመጣ በሩ ተከፈተ፤ ችግሩ የጥቂቶች ብቻ ሲሆን ተመልሶ ገርበብ አለ።

የትምህርት ቤቶቹን ሥጋትም አልንቀውም። ፈተናውን ቤት ሆኖ የሠራው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ቀላል አይደለም። ላቦራቶሪን በተመለከተ ቅድም ያልኩትን አላጥፍም፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በእጅ ቢሠራ ይሻላል። ሌክቸርን ግን በኦንላይን ስለሆነ ብቻ መጣል ለእኔ አይገባኝም። እነዚሁ ትምህርት ቤቶች በ2020 ተማሪዎቻቸውን ከሕሙማን አካባቢ አርቀው በስክሪን አስተምረዋል። ቀጣዮቹን ሐኪሞች የመረጡትም በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነው፤ እጃቸውን ሳይጨብጡ፣ ግቢያቸውን ሳያሳዩ። ዛሬም ብዙ የሕክምና ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሌክቸር በቪዲዮ፣ ያውም ፍጥነቱን ጨምረው ነው የሚከታተሉት።

እንግዲህ አንዲት አድማጫችን ደውለው «ልጄ ኬሚስትሪውን በዚያ ጊዜ በኦንላይን ወሰደች፤ ምን ታድርግ?» ቢሉኝ የምመልስላቸውን ልንገራችሁ።

እናቴ፣ መጀመሪያ አይደንግጡ። ልጅዎ ልታመለክትባቸው የምታስባቸውን ትምህርት ቤቶች ትጻፍ። ከዚያ የእያንዳንዳቸውን የመግቢያ ገጽ ታንብብ፤ የዘንድሮውን ነው የምልዎት፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱን አይደለም፣ ምክንያቱም ይለወጣል። ግልጽ ካልሆነ ለመግቢያ ቢሮው ኢሜይል ትጻፍ። ኢሜይሉ ረጅም አያስፈልገውም። የትኛውን ኮርስ፣ በየትኛው ሴሚስተር፣ በየትኛው ኮሌጅ እንደወሰደች፤ በዚያ ጊዜ ኮሌጁ በአካል ያስተምር ነበር ወይስ አልነበረም፤ ላቦራቶሪው በምን መንገድ እንደተሰጠ፤ ይህን ብቻ ጽፋ ይቆጠርልኛል ወይ ብላ ትጠይቅ። መልሱን ደግሞ አትሰርዘው። በስልክ የተነገረን ነገር በኋላ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ሁለተኛ፣ የኮርሱን ሲላበስ ትፈልግ። የዚያን ዓመት ኮሌጁ ስለ ኦንላይን ትምህርት ያወጣውን ማስታወቂያም ካገኘች ታስቀምጠው፤ ምርጫ እንዳልነበራት የሚያሳየው ወረቀት እሱ ነው። የኮሌጁ የፕሪ-ሜድ አማካሪም ደብዳቤ ሊጽፍላት ይችላል። አማካሪ ቢሮ መግባት የእኛ ልጆች የማይወዱት ነገር ነው፤ ማስቸገር ይመስላቸዋል። የተቀመጠው ለዚሁ ሥራ መሆኑን ይንገሩልኝ።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪው በአካል ካልሆነ አልቀበልም ካለ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። የላቦራቶሪውን ክፍል ብቻ ለይተው የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ኮርስ፣ ለምሳሌ ባዮኬሚስትሪ ወይም ማይክሮባዮሎጂ ከነላቦራቶሪው፣ በአካል ወስዳ ጥሩ ውጤት ብታመጣ ደግሞ ለብዙ ኮሚቴዎች በቂ ማስረጃ ነው፤ አንዳንዶቹ ከፍ ያለው ኮርስ የታችኛውን እንዲተካ በግልጽ ይፈቅዳሉ። በምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራትም እንዲሁ ይጠቅማል። እንደ ተለመደው የኤምዲ ዲግሪ ሁሉ ሙሉ የሐኪምነት ፈቃድ የሚያሰጠውን የዲኦ ዲግሪም አትርሳው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው፤ ደንባቸውም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ እነሱንም በተናጠል መጠየቅ ነው።

አንድ የማስጠነቅቅዎት ነገር አለ። በኦንላይን ኤ ወይም ቢ ያገኘችበትን ኮርስ ሳትጠይቅ ተቻኩላ እንዳትደግመው። ኤኤምካስ የተደገመ ኮርስን ሲያሰላ አዲሱን ወስዶ አሮጌውን አይጥልም፤ ሁለቱንም ይቆጥራል። ሁለተኛው ዝቅ ቢል አማካዩን ይጎዳል፤ እኩል ቢሆን ደግሞ ገንዘቡና ሴሚስተሩ ባከኑ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከተወሰነ ዓመት በላይ የቆየ ፕሪሪኩዚት ስለማይቀበሉ፣ በ2020 የተወሰደው ኬሚስትሪ ኦንላይን በመሆኑ ሳይሆን በማርጀቱ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ኢሜይሉን ስትጽፍ ይህንንም አብራ ትጠይቅ።

ለዛሬ ጊዜያችን እዚህ ላይ አበቃ። ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው ስልካችን መልእክት ተዉልን፤ ከትምህርት ቤቶቹ የደረሳችሁን መልስ ብትነግሩን ደግሞ ለሌሎች አድማጮች እናካፍላለን።